በአገልግል የመጣ ለቅሶ

ሰው በምላሱ ቤቱን ያፈርሳል ቢሏችሁ እመኑ። ደስታው ያፈረሰው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ያውም ሳይጠጣ፣ በደህና ቀን፣ እንግዳ ፊት።

ደስታው ቡሬ ላይ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነው። የሰፈሩ የእድር ዳኛም እሱ ነው። ለቅሶ የቀረውን ይገሥጻል፤ ዘግይቶ የመጣውን ከሩቅ በዓይኑ ይቀጣል፤ «ሐዘንተኛን ብቻውን የሚተው እድርተኛ ከጠላት አይሻልም» እያለ በየስብሰባው ይደጋግማል። ያ ዘመን መንግሥት ሰዉን አንድ ለአምስት እያደራጀ በስብሰባ ያሰለቸበት ዘመን ነበር፤ የደስታው እድር ሲጠራ ግን አንድ ሰው አይቀርም። ቃሉ ይሰማል። ያጠፋውም ይኸው ነው፤ የሚሰማ ሰው መናገር ይወዳላ!

በዚያው ሰሞን እንቁ የምትባል የቡሬ ልጅ ከቤይሩት ተመልሳ፣ ወደ ነቀምቴ በሚገነጠለው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፈተች። ቤይሩት የሄደችው ለቤት ሠራተኝነት ነበር፤ ኋላ አንዲት የታይላንድ ሴትዮ ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆና ገብታ፣ ምግብ አብሳይ ሆና ወጣች። ሰማያዊ የተቀባች አንዲት ክፍል፣ ጥቂት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በሩ ላይ በቀለም «ታይ ምግብ ቤት፤ እዚህም ይበሉ፣ ይዘውም ይሂዱ» የሚል ጽሑፍ። ዋጋዋ አይጎዳም። የፎገራ ሩዝ አለ፣ በተወቀጠ ለውዝ የታሸ ቀጭን ፓስታ አለ፤ ዝንጅብሉ፣ ሎሚው፣ በሶብላው፣ የሚያስነጥሰው ሚጥሚጣ። ከሁሉ ጉድ ያሰኘው ሾርባዋ ነው። በጠጅ ሣር የፈላ! ለበዓል ከቄጤማ ጋር የምንጎዘጉዘውን ጠጅ ሣር ቆራርጣ ድስት ውስጥ!

«ወይ ጉድ! እስከ ቤይሩት ሄዳ ተምራ መጥታ ሣር ታበላን ጀመር» አለ ሰዉ። ሳቀ፣ ቀመሰ፣ ላበው፣ በማግሥቱ ተመልሶ መጣ።

ደስታውም አንዱ ነበር። ከፍኖተ ሰላም የመጡ ሁለት ነጋዴዎችን ምሳ እዚያ ጋበዘና፣ ማታ ለእራት ቤቱ ወሰዳቸው። ሚስቱ ወይኒቱ ጉንፋን ጥሏት ሰንብቷል። እንግዳ ይመጣል ሲላት ግን ከመኝታዋ ተነሥታ ዶሮ ሠራች። አፍንጫዋ ተዘግቶ ጣዕም አትለይም፤ ጨው ደግማ ጨመረችበት። ደስታው አንድ ጊዜ ጎርሶ ሳህኑን ገፋ አደረገው።

«ምንድን ነው ይሄ? ለውሻ ስጪው። ከዚህስ የእንቁ ሣር ይሻላል!»

አንደኛው እንግዳ ሳቀ። ሌላኛው ዓይኑን እንጀራው ላይ ተከለ። ወይኒቱ እጃቸውን አስታጠበች፣ መኝታቸውን አነጠፈች፣ ዕቃዋን አጥባ ደረደረች። ጠዋት እንግዶቹ ሲወጡ ጠብቃ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች።

«እንግዲያው ሣሩን ብላ» አለችና ወደ አባቷ አገር፣ ወደ ቋሪት ሄደች።

አገሩ ለዚህ መላ አያጣም። ያኮረፈች ሚስት አባቷ ቤት ትገባለች፤ ባል ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌ «ምን ብለሃት ነው?» ይላል፤ ባል ይናገራል፣ ይወቀሳል፣ ሚስት ትመለሳለች። በቃ። ደስታው ግን «ምን ብለሃት ነው?» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረምሳ ሚስቱን ሰደበ ብሎ በእድሩ ፊት አንገቱን ያስደፋው እሱ አይደል? አሁን በየትኛው አፉ ይናገረው? ለማንስ? ለምክትሉ ለአያ ገደፋው? አፈር ቢበላ ይሻለዋል። ዛሬ እልካለሁ፣ ነገ እልካለሁ እያለ ቆየ። አጥር ለአጥር የሚዋሰኑት እትዬ እህተ ማርያም «ወይኒቱ ምነው ጠፋች?» ሲሉት ደግሞ አፉ ሳያማክረው «አሟት ጠበል ሄዳለች» አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ደስታው ደብቆም አልቀረ፣ የሌላ ሰው በሽታ ፈጠረበት።

ሆድ ግን ይርባል። ማድቤት አይገባም፤ ወንድ ነዋ! ምግብ ቤት ተቀምጦ ቢበላ ደግሞ «ባለትዳሩ ሰውዬ ምነው ከሹፌር ጋር?» ይባላል። አንድ ቀን እንቁን ለብቻዋ ጠራት።

«እንቁዬ፣ ወይኒቱ እስክትመለስ ማታ ማታ ምግብ ላኪልኝ። በጓሮ በኩል ይሁን። ሰው እንዳያይ ሸፍናችሁ።»

«ምን ችግር አለው አያ ደስታው» አለች እንቁ። ይዞ ለሚሄድ ደንበኛ የምትሰጠው አገልግል ነበር፤ ሾርባ በፌስታል አይሆንማ። ክዳን ያላት ሳህን አገልግሉ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ከላይ ነጭ ጨርቅ ጣል ይደረግባታል። አስተናጋጇ ህይወት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይዛው በጓሮ ትገባለች፣ ያለፈውን ባዶ ይዛ ትወጣለች። ደስታው በሩን ዘግቶ ይበላል። ሾርባው ይጣፍጣል፤ እሱ ነው የባሰው። ክፉ ቢሆን ይቀለው ነበር። ሎሚውን ሲያጣጥም፣ ሚጥሚጣው ዓይኑን ሲያስነባው፣ «ሣሩን ብላ» የምትለው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ትገባለች። ማንኪያውን ያስቀምጥና በባዶ ቤት ፊቱን በጋቢው ይሸፍናል።

አሁን ግን እስቲ በጎረቤት ዓይን እዩት። በእኛ አገር የበሰለ ምግብ ተሸፍኖ ወደ ሰው ቤት የሚገባው መቼ ነው? ለቅሶ የሆነ እንደሆን! ሐዘንተኛ ቤት እሳት አይነድም፤ ጎረቤት አብስሎ፣ ሸፍኖ፣ ድምፁን አጥፍቶ ያስገባል። እትዬ እህተ ማርያም ከአጥራቸው ማዶ ያያሉ። የደስታው ማድቤት ጭስ የለውም። ማታ ማታ ነጭ የለበሰ አገልግል ይገባል። ሰውዬው ጢሙን ትቶታል፤ ሰው ሲያይ መንገድ ያቋርጣል። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ያዙት።

«ወይኒቱ እንዴት ሆነችልህ ልጄ?»

ዓይኑ እንባ ሞላ። «እሱ ያውቃል እትዬ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

የእፍረት እንባ ነበር። እሳቸው በምን ይለዩት? ሐዘንና እፍረት ፊት ላይ አንድ ናቸው። በቀጥታ ወደ ምክትል ዳኛው ወደ አያ ገደፋው ሄዱ።

«ወይኒቱ አርፋለች» አሉት። «እዚያው ጠበሉ ቦታ ቀብሯት መጥቶ ሐዘኑን ብቻውን እየዋጠው ነው። እኛን እንዳያስቸግር ብሎ። እራት የሚልኩለትም ዘመዶቿ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ገደፋው ሆዱ ባባ። «ለሁላችን ለቅሶ ፊት የሚቆም ሰው ለብቻው ያልቅስ? ኧረግ! በራሱ ሕግም ቢሆን አይፈቀድም!» አለና የጡሩምባ ነፊውን የዘሩን በር አንኳኳ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ደስታው ጡሩምባ ሰማ። የእድር ዳኛ ነውና ልማዱ አስነሣው፤ ጋቢውን ደረበ፣ ዘንጉን ያዘ፣ ማን ይሆን ያረፈው እያለ ወጣ። በሩን ሲከፍት ጠባቡ መንገድ በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ጎረምሶቹ የእድሩን ድንኳን ተሸክመዋል። ሁሉም የሚመጣው ወደሱ ነው።

«ማን ነው ያረፈው?» አለ ደስታው።

ገደፋው መጥቶ አንገቱን አቀፈው። «ወንድሜ፣ ከእኛ ትደብቃለህ? ወይኒቱን ያህል ሰው ቀብረህ ከእኛ ትደብቃለህ?»

ጩኸቱ ቀለጠ።

«አልሞተችም!» አለ ደስታው።

«አዎ፣ አዎ» አሉ እትዬ እህተ ማርያም ጀርባውን እያሻሹ፤ «እንዲህ ነው የሚያሰኘው። እኔም ሰውዬዬ የሞተ ጊዜ እንደዚሁ ነበር ያልኩት።»

«እትዬ ይሙቱ፣ አልሞተችም! እሷ…»

«እሷ ምን?» አለ ገደፋው።

ጥላኝ ሄዳ ነው። ይኸው ነበር፤ ሦስት ቃል። አፉን ከፈተ። ዙሪያውን አየ፤ ያን ባለፈው ክረምት ያስጎነበሰው ጎረምሳ ከፊት ቆሞ ከልቡ ያለቅስለታል። አፉን መልሶ ዘጋው። ሰዎቹ ብብቱን ይዘው ወደ ድንኳኑ ወሰዱት፣ የሐዘንተኛ ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ እሱም ተቀመጠ። እግዚኦ! ሰው በሕይወት ላለች ሚስቱ የሐዘንተኛ ቦታ ላይ ይቀመጣል? ደስታው ተቀመጠ።

አልቃሿ ተነሥታ ደረቷን እየደቃች አወጣች፦

«እጇ ሲቆርስ እንጂ ሲሰስት ያላየን፣
ማን ኑ ብሎ ይጥራን፣ እንግዲህ ማን ያብላን።»

ሴቶቹ ተቀበሉ። አንዷ ተነሥታ «አራስ ሆኜ አጥሚት ይዛ በዝናብ የመጣችልኝ!» ትላለች። አንዷ «ልጄ ታሞብኝ ሰንብቼ ቤቴን ያበሰለችልኝ!» ትላለች። ደስታው ሚስቱ የማንን ቤት እንዳበላች ያን ቀን ሰማ። እሱ እኮ አልጠየቃትም ነበር። እጇን ሲያወድሱት እሱ «ለውሻ ስጪው» ያለው ይሰማዋል፤ ከተሰበሰበው ውስጥ ያን የሰማ እንደሌለ ቢያውቅም ጆሮው ጋለ። አለቀሰ። የምሩን ነው ያለቀሰው። ባለቀሰ ቁጥር ሰዉ ይበልጥ አዘነለት፤ በታዘነለት ቁጥር ይበልጥ አፈረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለ በሆዱ፤ መሬት ግን ሥራ አላት፣ ለማንም አትከፈትም።

ረፋዱ ላይ እንቁ መጣች። ለለቅሶው ትልቅ ድስት ሾርባና ሩዝ በባጃጅ አስጭና፣ ህይወትን አስከትላ። እትዬ እህተ ማርያም ከቤት ያወጡትን አገልግል ሐዘንተኛው አጠገብ ስታየው ቆም አለች። የራሷ አገልግል ነው። እስከ ትናንት ማታ ሩዝ ስትልክበት የነበረው።

«ከዘመድ የመጣ ነው» አሏት እትዬ እህተ ማርያም በሹክሹክታ። «መሞቷን ያወቅነውም በሱ ነው።»

እንቁ ደነገጠች። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። ደስታውን አየችው፤ ልናገር ወይ? የሚል ዓይን ነው። «ሰው እንዳያይ» ብሎ አደራ ያላት እሱ ነዋ። ደስታው መሬት መሬቱን አየ። እሷም ድስቷን ይዛ ወደ ጥግ ሄደች። እንቁ እንኳ አፈረችለት።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ገደፋው ጎንበስ አለበት።

«አያ ደስታው፣ ወላጆቿ እንደሰሙ አናውቅም። ከሰሙም ደንብ ነው፤ ወደ ቋሪት ሰው እንልካለን። ሚኒባሱ ቆሟል። የአባቷ ቤት ከገበዝ ማርያም በየት በኩል ነው?»

እነዚህ ሰዎች አሁን ሄደው፣ ደጅ ላይ ቆመው ሊጮሁ ነው። ሮጣ የምትወጣው ደግሞ ራሷ ወይኒቱ ናት። አባትየውም፣ እናትየውም፣ አገሩም ይሰማል። አሁን ካልተናገረ መቼም አይናገርም። ተናገር አለ ራሱን። ተናገር አንተ!

«ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነው» አለ። «ወንዙን ሳትሻገሩ፣ ትልቅ ባሕር ዛፍ ካለበት ግቢ።»

አቤት! ምልክቱን ሰጠ። ከአፉ ሲወጣ ራሱም አላመነም። ጎረምሶቹ አመስግነውት ተነሡ።

ከድንኳኑ ሳይወጡ ነው የሴት ጩኸት ከመንገዱ የመጣው።

«ደስታው! ኧረ ደስታው! ሳንታረቅ! ኧረ ሳንታረቅ!»

ወይኒቱ ነበረች። ቋሪት ላይ ሽማግሌ ይመጣል ብላ መንገድ መንገዱን ስታይ ሰንብታ፣ ሲቀር ጊዜ ሣጥኗን ልትወስድ መምጣቷ ነው። መናኸሪያ ወርዳ ባጃጅ ብትይዝ ሹፌሩ «ደስታው ቤት? ለቅሶው ቤት? እግዜር ያጥናሽ» አላት። ለቅሶው ለማን ነው ብላ መጠየቅ የት አቅም ኖሯት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጫማዋ አንዱ ወልቆ፣ ደረቷን እየመታች ድንኳኑ ውስጥ ገባች።

ሰዉ እንዳለ ቀጥ አለ። አልቃሿ አፏን እንደከፈተች ቀረች። እትዬ እህተ ማርያም ሦስት ጊዜ አማተቡ። ዘሩ ጡሩምባውን ጣለ።

ወይኒቱ ደስታውን አየችው። ከነጋቢው፣ ከነጢሙ፣ በቁሙ። ሮጣ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ትኩስ ነው። «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» አለች እያለቀሰች። እንደ ድሮው አቅፋው ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ ሰዉን ማየት ጀመረች፤ እነሱም እሷን ያያሉ።

«እና ማን ነው የሞተው?»

ገደፋው እትዬ እህተ ማርያምን አየ፤ እሳቸው ዘሩን አዩ።

«ማን ነው የሞተው? ንገሩኝ እንጂ!»

«አንቺ ነሽ» አለ ደስታው። ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። «አንቺ ነሽ አሉ። እኔም ዝም አልኩ።»

ወይኒቱ እጇን ከሱ ላይ አነሣች። ቀስ ብሎ ነው የገባት። ድንኳኑን አየች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሁሉ አየች፤ የራሷንም አየችው።

«እኔ አንተ ሞተህብኝ ከመናኸሪያ እየጮኽኩ መጣሁ» አለች። «አንተ ጥላኝ ሄደች ከምትል፣ ሞታለች ቢሉህ ቀለለህ?»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። «ጥላው ሄደች?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ጠበል አይደል እንዴ?» አለ ሌላው። የገደፋው ፊት ከሐዘን ወደ ምን እንደሚዞር ግራ ገብቶት ቆመ። ያ ጎረምሳ እንባውን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ደስታውን አየው።

ደስታው ተነሣ። ወደ በሩ የሚሄድ መስሏቸው ነበር። እሱ ግን ወደ ማድቤቱ ሄደ። ገብቶበት የማያውቀው ማድቤት ነው፤ ጎንበስ ሳይል ገብቶ ጣራው ራሱን መታው። አመዱ ቀዝቅዟል። ወፍጮው ላይ ወይኒቱ ቅመም የምትፈጭበት መጅ አለ። አነሣው፣ አንገቱ ላይ አደረገው፣ በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። በሰዉ መሐል አለፈና እግሯ ሥር ተንበረከከ።

በአገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ የተንበረከከ ሰው ብዙ አይቆይም። የተበደለው «ስለ እግዜር» ይልና ድንጋዩን ያወርድለታል። ሰዉ ሁሉ ወይኒቱን አየ። ገደፋው ሊያግዛት እጁን ዘረጋ።

«ቆይ አያ ገደፋው» አለች። ወደ ደስታው ዞረች። «ሽማግሌ ያልላክኸው ይህቺን እንዳትናገር ነው። እነሆ ሽማግሌው ሁሉ እዚህ አለልህ። ምን እንዳልከኝ ንገራቸው።»

መጁ ከበደው። ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ።

«እንግዳ ፊት ነው» አለ። «ታማ ተነሥታ የሠራችውን… ለውሻ ስጪው አልኳት።»

«ሌላስ?»

ደስታው እንቁን በዓይኑ ፈለጋት። ጥግ ላይ ጭልፋዋን ይዛ ቆማለች።

«ከዚህስ የእንቁ ሣር ይሻላል አልኩ።»

እንቁ ጭልፋዋን አስቀመጠችና ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። አልቃሿ «ውይ!» አለች፤ የምሯን ያለቀሰች ይመስል። እትዬ እህተ ማርያም የተዘቀዘቀ ነጠላቸውን አውልቀው፣ አራግፈው፣ ደህና አድርገው ለበሱት። ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ እንደሳቸው አደረጉ። ደስታውን የሚያይ አልነበረም፤ ሁሉም ለእሱ አፍሮ ወዲያና ወዲህ ያያል። ከለቅሶው ይልቅ ይህ ነው የገደለው።

ወይኒቱ የሐዘንተኛው ቦታ ላይ፣ እሱ በተነሣበት ተቀመጠች። አገልግሉን ወደ ራሷ ሳበች፣ ነጩን ጨርቅ ገፈፈች፣ ሳህኑን አውጥታ ለእንቁ ዘረጋችላት።

«እንቁዬ፣ እስቲ ከዚያ ሾርባሽ ቅጂልኝ። እኔ ስሙን ሰማሁ እንጂ አልቀመስኩትም።»

እንቁ ቀዳችላት። ወይኒቱ በማንኪያ ቀመሰች። ሚጥሚጣው አሳላት፤ ዓይኗን ጠረገች፤ ደገመች።

«ይጣፍጣል» አለች። «እጅሽ ይባረክ። እውነቱን ነው።»

ሰዉ አልተነሣም። ደስታው መጁን አንገቱ ላይ እንደያዘ፣ ድንጋዩን እስክታወርድለት ይጠብቃል። ወይኒቱ ሳትቸኩል፣ ሳህኑን እስክትጨርስ በላች።